የፍሬን ሸራ

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ሐረጎ ጉም ለብሶ፣
ከባድ መኪና ሲወርድ ማርሹን አሳንሶ፣
እኔ ኮምቦልቻ ነኝ፣ ካልጋዬ ቁጭ ብዬ
ጠምዛዛውን እቆጥራለሁ ዓይን ሆኖኝ ጆሮዬ።
አንደኛው ታለፈ።
ሁለተኛው ታለፈ።
ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ትንፋሼ ተቆለፈ።

ቅዳሜ ነው የመጣው ሙሄ ከነኤንትሬው፣
«ፍሬኑ ሰነፈብኝ፣ ሸራውን ቀይረው»
ብሎ የአዲስ ዋጋ ቆጥሮ አስጨበጠኝ።
አዲሱ ከመደርደሪያው ቁልቁል እየገላመጠኝ
አሮጌ ሸራ አነሣሁ፣
በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ ፊቱን አሳሳሁ፣
ብሎኑን አጥብቄ አሰርኩ፣
እጄንም በናፍጣ ታጠብኩ።

ልጄ አልታመመችም፣ ኪራይ አላስጨነቀኝ፣
«ሰይጣን ነው» እንዳልል ሰይጣንም አልጠየቀኝ፤
ከጉድጓዱ ውስጥ የነበርነው እኔና አምፖሏ ነን፣
እሷ እያበራች፣ እኔ እያወቅኩ፣ ሁለታችን ዝም አልን።

ሰኞ ባቄላ ጭኖ ከደሴ ሲመለስ
ሦስተኛው ጠምዛዛ ላይ እግሩ ጠየቀ፣ ፍሬኑ አጣ መልስ።
ነፍሱ ተረፈችለት፤
ቀኝ እግሩን ግን አስቀረው የጋቢናው ብረት።

ሰፈሩ «ሰኔና ሰኞ ገጥሞበት ነው» አለ፤
የኔ እጅ ሥራ «ከላይ የታዘዘ ነው» ተባለ።
ፈጣሪ በኔ ፋንታ ሲከሰስ፣ ምስክሩ እኔ ዝም ብዬ ዋልኩ፤
እሑድም ከቅዳሴ ቆሜ «ይቅር በለን» አልኩ፣
በብዙ ቁጥር።

መብረቅ አልመታኝም። ጋራዤ አልተቃጠለም።
ጆሮዬ ብቻ ነው ከዚያ ሌሊት ወዲህ ያልተኛው፤
ከሩቅ የሚወርደውን ሁሉ «ሙሄ ነው» የሚለው።

«ሁሉን የሚችል ከሆነ» አልኳቸው መምሬ ላቀውን፣
«ያን ቅዳሜ ለምን አልያዘም ይህን እጄን?»
መነጽራቸውን አወለቁ፦
«ባለንብረቱ ከጎን ተቀምጦ፣
በየጠምዛዛው ፍሬኑን እሱ ረግጦ፣
መሪውንም እሱ ቢይዝ፣ ያንን ሰው ሾፌር ትለዋለህ?»
«አልለውም፤ ጭነት ነው።»
«እንግዲህ አምላክህ ጭነት አልፈጠረም። ገባህ?»

«ሙሄስ?» አልኩ፤ «እሱማ በሰዓቱ ረገጠ፤
እኔ በመረጥኩት እሱ ለምን ተቆረጠ?»
መምሬ መልስ አልነበራቸውም።
መስቀላቸውን ጨበጡ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ብዙ ቆየን።
ከዚያ፦ «ስግደት አላዝህም።
ጉልበትህ ለዳገት ይፈለጋል።
ሂድና ንገረው።»

መስከረም ሲጠባ ነው የሄድኩት። መኪና መሳፈር አልደፈርኩም፤
በእግሬ ወጣሁ ሐረጎን።
ሦስተኛው ጠምዛዛ ላይ፣ ከተቧጠጠው አፈር በታች፣
ከጆንያ የፈሰሰው የዚያን ቀን ባቄላ፣
ማንም ሳይዘራው፣ ማንም ሳያርመው፣ በገደሉ ገላ
በቅሎ አብቧል።
ማማሩ አናደደኝ።

ሆጤ አገኘሁት፣ ከደጁ፣ ሱሪው ባንድ ወገን ታጥፎ
በመርፌ ቁልፍ ተይዞ።
ሁሉን ነገርኩት፣ ዓይኑን ሳላይ።
መግሪብ አዛን ተጀምሮ እስኪያልቅ አንድ ቃል አልወጣውም።
«ለአላህ ብዬ አውፍ ብያለሁ» አለ። «እግሬን አታመጣው፤
የሸራዬን ዋጋ ግን፣ ኪስህ ገብተህ አሁኑኑ አውጣው።»
ቆጠርኩ። እሱም ቆጠረ፣
ሁለት ጊዜ።

ከዚያ ወዲህም አልተኛም፤ ጆሮዬ አልዳነም።
ግን አባት የጎረቤት ልጅ አይገርፍም፤
አለንጋው ከኔ ጋር ካደረ፣ ገና ከቤት አልወጣሁም።

ዛሬ ንጋት ላይ አንድ ሾፌር በሬን ደበደበ፦
«ፍሬኑን እየው» አለኝ፤ ብሩን ቆጥሮ አስረከበ።
ጉድጓዱ ገባሁ። አምፖሏን አበራሁ።
አዲሱ መደርደሪያው ላይ ነው።
አሮጌውም እታች አለ፤ እስካሁን አልጣልኩትም።
እጄን ዘረጋሁ።
ማንም አልያዘውም።